የእማማ ድካም

እማማን መጥላት የጀመርኩት ቅጠል መርገፍ በጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት እወዳቸው ነበር። ከኪሳቸው ከረሜላ አይጠፋም፤ ቁጭ ብዬ ስለማላውቅ ደግሞ "ፌንጣ" ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። የጠላኋቸው እናቴን የሚበሉብኝ ስለመሰለኝ ነው። በጥርስ አይደለም። በመቀመጥ። እሳቸው ቁጭ ባሉ ቁጥር ከእናቴ ላይ አንድ ነገር የሚጎድል ይመስለኝ ነበር።

የእናቴ ሥራ እማማን ማዝናናት ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። የእማማ ልጅ መሐንዲስ ነው። የሚኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ የመጨረሻው ደርብ ላይ ነው። ሐኪም "እናትህን ቤት ውስጥ ካስቀመጥካት ታልቅብሃለች፤ አየር ታግኝ፣ እጇን ታንቀሳቅስ" አለው። እሱም እናቴን ቀጠረ። ልብስ ለማጠብ አይደለም፣ ለዚያ ሌላ ሴት ነበረች። ምግብ ለማብሰልም አይደለም። አብራቸው እንድትወጣ፣ አብራቸው እንድትገባ፣ በመሀሉ ደስ እንዲላቸው ነው።

እማማ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የሚወዱት መኸርን ነው። ሌላው ወቅት ለእሳቸው መጠበቂያ ነበር። ጓሮ ያለውን ፖም ለቅመው ማርማላታ ይሠራሉ፤ የደረቁትን አበቦች ዘር በጨርቅ ይቋጥራሉ፤ ያረጀ ሹራብ ተርትረው ፀሐይ ላይ አዲስ ይጀምራሉ። ከሁሉም በላይ ግን ኮረብታው ላይ ያለው መናፈሻ ነው። እዚያ ይወጡና ከአትክልተኛው መጥረጊያ ተቀብለው ቅጠል ይከምራሉ። ክምሩ ውስጥ እኔ እዘላለሁ፤ እሳቸው መልሰው ይከምራሉ። እናቴ ዳር ቆማ "ልጅቷን አታባልጉብኝ" ትላለች። እሳቸው አይሰሙም።

ከሥራው ጋር ክፍል ተሰጠን። ከእማማ ቤት ጀርባ፣ መስኮት ያለው፣ የብረት አልጋ ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል። መቆለፉን የማነሳው ወድጄ አይደለም። ከዚያ በፊት የምንተኛው አጎቴ ቤት፣ ኮሪደር ላይ ነበር። ፍራሻችንን ማታ እንዘረጋለን፣ ጠዋት እናጥፋለን፤ ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ በላያችን ያልፋል። የአጎቴ ሚስት እግሬን ረግጣ መልሳ እኔኑ ተቆጥታኛለች። እናቴ የአዲሱን ክፍል ቁልፍ በክር አስራ አንገቷ ላይ ነበር የምታደርገው። ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም።

ከእማማ ቤት እስከ መናፈሻው ያለው መንገድ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገት ነው። ድሮ እማማ ሲወጡት ከዘራቸው ለመደገፊያ ሳይሆን ለመጠቆሚያ ነበር። "ያንን መስኮት እዩት፣ ዘንድሮም መጋረጃውን አላጠበችውም" እያሉ ከፊት ከፊታችን ይሄዳሉ። የዚያን ዓመት ግን ገና ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

"ቁጭ ልበል ልጄ" አሉ። "እግሬ እምቢ አለኝ።"

ዳቦ ቤቱ ፊት አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጡና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ እናቴም ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። በነጋታውም እንደዚያው። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ባለው ድንጋይ ላይም መቀመጥ ጀመሩ፤ ከዚያ መናፈሻው በር ላይ። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ መነሣት የለም። ማለቂያ የሌለው ታሪክ ያመጣሉ። ሹራባቸውን አውጥተው "ይህቺን መስመር ልጨርስ" ይላሉ። ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር ይፈልጋሉ፤ እኔ አጎንብሼ አይቻለሁ፣ ጠጠር አልነበረም። ላይ ስንደርስ አትክልተኛው ክምሩን በጋሪ ጭኖ ጨርሷል፤ ለእኔ የሚቀርልኝ እፍኝ የማይሞላ ጥራጊ ነው።

አትክልተኛው እማማን "ኮረዳዋ" ነበር የሚላቸው። እሱም ራሱ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነው።

"ምነው ኮረዳዋ፣ ዘንድሮ ጎማው ተነፈሰ?" አላቸው አንድ ቀን።

"የእኔስ ቢተነፍስም ጎማ አለኝ። አንተ በቸርኬው አይደል የምትሄደው?"

ሳቀ። እየሳቀ ዓይኑ ወደ እናቴ ሄደ። እናቴ ዛፍ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሳቁ ቆመ። "እኔስ የደከመው ሌላ ሰው መስሎኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እማማ ከዘራቸውን አንስተው የጫማውን አፍንጫ ቸብ አደረጉት። ወደ ጋሪው ተመለሰ። ስለቀለደባቸው የመቱት መስሎኝ፣ ቀልድ እንኳ የማይችሉ አሮጊት ብዬ አንድ ተጨማሪ ጥላቻ ያዝኩባቸው።

በዚያ ሰሞን የእናቴ ብዙ ነገሯ ተለውጧል። ለእኔ ግን አንዱም የሚያስፈራ አልነበረም። ከንፈሯ አንዳንዴ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ደብቃኝ እንጆሪ የምትበላ መስሎኝ ኪሷን በርብሬያለሁ። ጠዋት ስነቃ ትራሶቹን ሁሉ ከኋላዋ ደርድራ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ተቀምጣ እንቅልፍ እንደወሰዳት አገኛታለሁ፤ እኔን ከሌባ እየጠበቀች ያደረች ይመስለኝና እኮራ ነበር። የጫማዋን ክር ፈትታ መሄድ ጀመረች። ከሁሉ የምወደው ግን እግሯን ነው። ከሥራ ገብታ እግሯን በርጩማ ላይ ትሰቅላለች፤ እኔ ቅልጥሟን በጣቴ እጫናለሁ። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ይሞላል። መስመር አስይዤ እቆፍርና የትኛው ቀድሞ እንደሚሞላ አያለሁ። እናቴ አንድም ቀን ተይ ብላኝ አታውቅም። ጭንቅላቴን እያሻሸች ታየኛለች።

አሁን እኔም የምሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ የሰው እናትና የሰው አባት አዞራለሁ። እንዲህ ያለ እግር ካየሁ አልጫነውም። ቀና አድርጌ አስቀምጬ ሰው እጠራለሁ፤ ልቡ የደከመ ሰው እግር ነው። ያኔ ግን ጨዋታ ነበር።

እናቴ የምትጨነቀው ለእማማ ነበር። ከልቧ አምናቸዋለች። ምሳ ላይ ማንኪያዋን እንደያዘች ትቆይና "አቅም እያጠራቸው ነው፣ ይሄ መኸር ሳያልፍ ካልተበረታቱ እግራቸው ይታሰራል" ትላለች። ስለዚህ በማግስቱ ከበፊቱ ቀደም አድርጋ ታወጣቸዋለች። እሳቸውም ከበፊቱ ቀደም ብለው ይቀመጣሉ።

እሁድ እሁድ መሐንዲሱ ይመጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። በር ላይ ቆሞ እንዴት እንደሰነበቱ እናቴን ይጠይቃታል፤ እናቴ ደግሞ ስለ ራሷ ካልሆነ በቀር መዋሸት አትችልም። እየደከሙ ነው ጋሼ፣ ዳገቱ እያቃታቸው ነው አለችው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲላቸው እማማ አሻፈረኝ አሉ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አንዴ ቢነካካ ጉዳቸው እንደሚወጣ ያውቁ ነበር።

በቀጣዩ እሁድ መሐንዲሱ ከመኪናው ኋላ ዊልቸር አወረደ።

እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ብረቱ ፊት ያሳያል፣ መቀመጫው ጥቁር ቆዳ ነው፣ ጎማው የብስክሌት ጎማ ይመስላል። እማማ በረንዳ ላይ ሆነው አዩትና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"መልሰው" አሉ።

"ምን ነካሽ እማዬ? ከእንግዲህ ሳይደክምሽ ትዝናኛለሽ።"

"መልሰው አልኩህ። በእግሬ እሄዳለሁ።"

"እግሬ እምቢ አለኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

እማማ ከልጃቸው ፊታቸውን አዞሩ። እናቴን አዩ። እናቴ እጀታውን ይዛ ወደፊት ወደኋላ እያደረገች ትሞክረዋለች። "ቀላል ነው ጋሼ፣ ምንም አይል" አለች። ይህን ያለችው ጠፍጣፋው ግቢ ውስጥ ነው።

ሰኞ ዳገቱን ጀመርነው። እናቴ እጆቿን ዘርግታ፣ ግንባሯ የእማማን ጀርባ ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሳ ትገፋለች። እኔም ከጎን አንዱን ብረት ይዤ እገፋለሁ፤ የምገፋ መስሎኝ ተንጠልጥዬ ይሆናል። ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ጎማው ዘይት ያነሰው መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከጎማው አይደለም፤ ከእናቴ ደረት ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ እንኳ ሳንደርስ እማማ እጃቸውን አነሱ።

"መልሺኝ" አሉ። "የቅጠሉ ሽታ አላስቀምጥ አለኝ። መናፈሻም አልፈልግም።"

እናቴ ቆማ ትንፋሿን ለቀም ለቀም አደረገች። እማማ፣ የሚወዱት እኮ ነው አለች።

"ድሮ ነው። አሁን አልወድም። ቤቴ ልቀመጥ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ንቅንቅ አላሉም። ሳሎን ውስጥ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ውጪ ያሉት ዛፎች ቢጫቸው፣ ቀያቸው፣ እሳት የመሰሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ነገር ደጃቸው ቆሞ፣ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። እናቴ ብትለምን፣ ብትቀልድ፣ ቅጠል ለቅማ በሳህን ብታመጣላቸው፣ "ውሰጂልኝ" ነው መልሱ። እኔ ይኸው ክፋታቸው ወጣ አልኩ። ያን ያህል የሚወዱትን ነገር መተው ምን እንደሚያስከፍል ለመገመት ዕድሜዬ አይበቃም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ እናቴን "ሂጂ ጋደም በይ፣ እኔም እተኛለሁ" ብለው ወደ ክፍላችን ላኳት። እኔ ፖም ልፈልግ በኩሽናው በር ገባሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጣሪያ ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት የሚያወጣ የእንጨት መሰላል አለ። እማማ መሰላሉ ላይ ናቸው። ፖም የሞላ ቅርጫት በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸውን በሌላው እጅ ሰብስበው፣ እያንጎራጎሩ ይወጣሉ። ባዶውን ይዘው ወረዱ። ሞሉ። እንደገና ወጡ። መሰላሉ ይንቋቋል እንጂ ከእሳቸው ትንፋሽ አይሰማም።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። አስመሳይ ናቸው፣ ምንም አልሆኑም፣ አንቺን ለማድከም ነው አልኳት።

እናቴ ትራሶቿን ተደግፋ ነበር። እንደገና እንድነግራት ጠየቀችኝ። ቅርጫቱ ሙሉ ነበር ወይ? መሀል ላይ አረፍ ብለዋል ወይ? ሙሉ ነበር፣ አላረፉም አልኳት። አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። መታለሏ አንገብግቧት ነው ብዬ ጀርባዋን ዳበስኩ። ለጋሼ እንነግርባቸዋለን፣ አይዞሽ አልኳት። እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

"ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ" አለች።

ለምን እንዳለቀሰች የገባኝ ራሴ ልጅ ወልጄ፣ ራሴ የሰው ቤት ገብቼ ካደርኩ በኋላ ነው። ደበቅኩ ያልሽውን ነገር ሰው ከመጀመሪያው አውቆት ኖሮ፣ አንቺ እንዳታፍሪ ብሎ ራሱን በሽተኛ አድርጎ ሲቀመጥልሽ፣ ሌላ ምን ታደርጊያለሽ?

በማግስቱ ማርማላታ ሠሩ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ልጣጭ እበላለሁ። ድስቱ ይንተከተካል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታውሯል። ከሁለቱ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው፤ የእማማ ጫማ በልኩ የታሰረ፣ የእናቴ ክሩ የተፈታ። ብዙ ፖም ከተፉ። ከዚያ እናቴ አንድ ነገር አለች፣ አልሰማሁትም። የእማማ ቢላዋ ቆመ።

"ባለቤቴ ተቀምጦ ነበር የሚተኛው" አሉ እማማ። "ግድግዳ ተደግፎ። ጫማ አልገባው ብሎ። ያንን እግር ሳሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንቺን አይቼ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ሐኪም ሥራ አቁሚ አለኝ እማማ። ባቆም የት እገባለሁ? ልጄን ይዤ ኮሪደር ላይ ልመለስ?"

"ለልጄ ልንገረው። ክፉ አይደለም።"

"ክፉ አይደሉም። ግን በሽተኛ ለአሮጊት ጠባቂ አድርጎ የሚያስቀምጥ ማን አለ? እኔም ብሆን አላስቀምጥ። ከነገሩብኝ ያን ዕለት ቁልፉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ማሉልኝ።"

እማማ ማሉላት። እኔ ከሥር ሆኜ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "እሄዳለሁ" የሚለውን ነው። እናቴ ማስመሰላቸውን እንዳወቀች ነግራ፣ ጥላቸው እንደምትሄድ አስፈራርታ፣ አስማለቻቸው ብዬ ተረዳሁት። እሰይ የእኔ እናት አልኩ በሆዴ።

መሐንዲሱ እናቱ ከቤት መውጣት እንደተዉ ሲያውቅ ከፋው። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ብዙ ተናገረ። ካልወጡ ሐኪሙ ያለው መድረሱ አይቀርም፤ ሐይቁ ዳር ጥሩ መጦሪያ አለ፣ ነርስ አለው፣ ሰው አለው። ግን በዓይኑ ሳያያቸው አይወስንም። የሚመጣው እሁድ አብሮን ይወጣል፤ ደስ ብሏቸው ካየ እንዳለ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ቤቱ ይዘጋል። እናቴ "ደስ ይላቸዋል ጋሼ፣ ያያሉ" አለች። ቤቱ ሲዘጋ የጓሮው ክፍልም አብሮ እንደሚዘጋ ማንም አላነሳም። እማማም ከዚያ በኋላ አልወጣም ማለት አልቻሉም።

እሁድ መጣ። ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ፀሐይዋ ግን ቁልጭ ብላለች። እማማ ዊልቸሩ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀመጡ፤ እናቴ ጀርባቸው ቆመች፤ መሐንዲሱ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጎን ይሄዳል። እሱ ለምን አልገፋም ትሉ ይሆናል። ልግፋልሽ ወይ ብሏታል፣ አንዴ። እናቴ ኧረ አይገባም አለችው፤ ብትቀበለው 'አቃተኝ' ያለች እንዳይመስል ፈራች። እሱም አልደገመም። የሰው ሥራ መንጠቅ ነውር ይመስለው ነበር።

ዳቦ ቤቱን አለፍን። ፉጨቱ ጀመረ። መሐንዲሱ ልጅ ሳለ እዚህ ዳገት ላይ እንዴት እንደወደቀ እያወራ ከእኛ ቀደም ብሏል። የትምህርት ቤቱ ግንብ ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመች። "የጫማዬን ክር ላጥብቅ" ብላ አጎነበሰች። ክሩን አልነካችም። ወንበሩ ወደኋላ ሊንሸራተት ሲል በትከሻዋ ደገፈችው፤ እንደዚያው ተደግፋው ቀረች። ከንፈሯ ያ እንጆሪ የበላ ከንፈር ሆኗል። ግንባሯ ላይ በዚያ ብርድ ላብ አለ።

እማማ ዞር ብለው አላዩም። ይሰማሉ። ብርድ ልብሱን ከጭናቸው ገፈው መሬት ላይ ጣሉት፣ እግራቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ፣ ተነሡ።

"አስመስዬ ነው" አሉ።

መሐንዲሱ ዘወር አለ። "እንዴት?"

"እንዴት የለውም። ሰው እንዲንከባከበኝ አማረኝ። አሮጊት ስትሞላቀቅ አይተህ አታውቅም? ይኸው እያት። ባለፈው ጣሪያ ሥር ፖም ሳወጣ ነው የዋልኩት፤ ካላመንክ ፌንጣን ጠይቃት።"

እኔ አንገቴ እስኪቀጭ ነቀነቅኩ። እማማም ዳገቱን ተያያዙት፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ቀጥ ብለው፣ እየተጣደፉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልቆሙም። ከኋላቸው ልጃቸው፣ ከእሱ ኋላ እኔ፤ እናቴ ባዶውን ወንበር ተደግፋ ቀስ ብላ።

መናፈሻው ውስጥ እማማ ከአትክልተኛው እጅ መጥረጊያውን ነጥቀው ከመሩ፣ በተኑ፣ ቅጠል አፍሰው በልጃቸው ራስ ላይ ጣሉ። መሐንዲሱ እያለቀሰ ይስቃል፣ እየሳቀ ፎቶ ያነሳል። እንደዚያ የሆኑት እየተዝናኑ አይደለም፤ ልጃቸው ከእናቴ ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ነው። እኔ ግን ውሸታሟ ተጋለጠች፣ እናቴም ከመግፋት ዳነች ብዬ ክምሩ ላይ እየዘለልኩ ነበር።

ያን ጊዜ ነው መሐንዲሱ ዓይኑን እየጠረገ የተናገረው።

"እማዬ፣ እንግዲህ መጦሪያም አያስፈልግሽም። እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ደረጃው እንዳያቃትሽ ብዬ ነበር እኮ ያላነሳሁት። መሰላል የምትወጣ ሴት ደረጃ ምን ይገዳታል? ብርዱ ሳይጠና ቤቱን እናከራየዋለን።" ወደ እናቴ ዞረ፤ በደግነት ነው፣ ፊቱ እያበራ። "አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። በጣም ለፍተሻል።"

መጥረጊያው ከእማማ እጅ ወደቀ። አንዴ ልጃቸውን አዩ፣ አንዴ እናቴን። ከዚያ እዚያው ክምሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"አልችልም" አሉ። "እግሬ አይነሣም። ደረጃ አልችልም።"

መሐንዲሱ በሳቅ ፈነዳ። "በቃ፣ ነቅተንብሻል እኮ!" አለና በዚያው አቀማመጣቸው ፎቶ አነሳቸው። እኔም ሳቅሁ። አትክልተኛው አልሳቀም፤ ባርኔጣውን አውልቆ እንደያዘ ቆሟል።

እናቴ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

"ምን አደረግኩሽ ልጄ" አሏት፣ እኔና እሷ ብቻ በምንሰማው ድምፅ።

"ምንም። ዳገቱን አስቀርተውልኛል።"

በዚያው ሳምንት ክፍሉን ለቀን ወደ አጎቴ ቤት ኮሪደር ተመለስን። እናቴ ልብስ አጠባ ያዘች፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ባልዲ፣ ደረጃ። ዛፎቹ መልሰው ሳያቆጠቁጡ ሞተች፤ ተቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሰው ሲያልፍ እግሯን እንዳይረግጣት ሰብስባ። እኔ ትምህርቴ እዚያ ላይ ቀረ፤ ባልዲውን የሚያነሳ ሰው ያስፈልግ ነበር። እማማ ለልጃቸው የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። መሐንዲሱ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የታጠፈውን ፍራሽ አየ። "ብትነግረኝ ኖሮ" አለ ለአጎቴ፣ ደጋግሞ። ብትነግረው ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር እኔ አላውቅም። እሱም አያውቅም። ያወቀ ለመምሰል ግን አልሞከረም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አልጠላሁትም።

ያን ዕለት ግን ገና ምንም አልሆነም ነበር። ፀሐይዋ አለች፣ ሁሉም ሰው የሚስቅ ይመስለኛል፣ እናቴ እማማን ደግፋ አስነሥታለች፣ ቁልቁል ልንወርድ ነው። ባዶው ዊልቸር ቆሟል። ዘልዬ ወጣሁበት። ቆዳው ቀዝቃዛ ነው፣ እግሬ ማሳረፊያው ላይ አይደርስም። እናቴ መጥታ እጀታውን ያዘች።

"ውረጂ ፌንጣ" አሉኝ እማማ። እንደዚያ ጠንክረው ተናግረውኝ አያውቁም። "ውረጂና በእግርሽ ሂጂ።"

ወንበራቸውን ስለወሰድኩ ቀንተው ነው ብዬ ብረቱን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ይተዉአት እማማ" አለች እናቴ ከጀርባዬ። "ደስ ብሏታል። ቁልቁለት እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል?"

ቁልቁለት ላይ ወንበር ይዞ ማስቀረት ሽቅብ ከመግፋት እንደማይቀል አሁን እጄ ያውቀዋል። ያኔ የማውቀው ጎማው ቅጠሉ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ጆሮዬን የሚነካውን ንፋስ ነው። ሁለት እጄን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ።

"ፈጠን በይ" አልኳት።

ፈጠነች።